ደጅ ስለ መዋል

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 የንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንድ ጓደኛዬ አንብቦት፥ «ስለ ደጅ መጥናት ነው እንዴ? እርሱንማ ከተመረቅን በኋላ እንማረው የለም ወይ!» ብሎ አሳቀኝ። እኔ የምናገረው ስለ ባለ ሥልጣን ደጅ አይደለም። ከመኝታ ቤታችን በር እስከ ማንጎው ጥላ ድረስ ስላለው፥ ማንም ሰው ማመልከቻ ሳይጽፍ ሊወጣበት ስለሚችለው ደጅ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ እንዳስብ ምክንያት የሆኑኝ አያቴ ናቸው። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት በሆሞሻ ነው፤ ሆሞሻ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይ እንዳለች ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የአንደኛ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ቤት በተመለስሁ ጊዜ፥ አያቴ እጄን ይዘው ወደ ብርሃን አወጡኝና ትክ ብለው ካዩኝ በኋላ፥ «ልጄ፤ አሞህ ነበር እንዴ? ከቅጠል ሥር የበቀለ ዱባ መስለሃል» አሉኝ። እኔም እንዳልታመምሁ፥ ነገር ግን ትምህርቱ ከባድ ስለ ሆነ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ተቀምጬ እንደማነብ በኩራት አስረዳኋቸው። «በኩራት» ያልሁትን ቃል እባካችሁ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዚያው ዕረፍት፥ ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ የነበረውን ታናሽ ወንድሜን ከጓደኞቹ ጋር ከማንጎ ወደ ማንጎ ሲሯሯጥ አይቼ ጠራሁት። «እንደ እኔ ዩኒቨርሲቲ መግባት ከፈለግህ ደጅ መዋሉን ተውና ቤት ቁጭ ብለህ አንብብ» ብዬ ገሠጽሁት። ልጁ ይወደኛልና ቃሌን እንደ ሕግ ቆጠረው። ከዚያ በኋላ ቤት በተደወለ ቁጥር፥ ጎበዝ ሆኗል፥ ከቤት አይወጣም፥ ደብተሩንና ስልኩን ይዞ ይውላል ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ግን መጽሐፉን እስከ አፍንጫው አስጠግቶ ሲያነብ፥ ከመንገድ ማዶ የሚጠራውንም ሰው ማን እንደ ሆነ መለየት ሲያቅተው ተመለከትን። ሐኪም ዘንድ ስንወስደው ዓይኑ የሩቁን እንደማያይ ተነገረንና መነጽር ታዘዘለት። የሩቁን አለማየት በዘርም ስለሚመጣ፥ የእኔ ምክር አመጣበት ብዬ ልፈርድ አልችልም። ነገር ግን ያን ቀን ማታ እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ስለ ነገሩ ማንበብ ጀመርሁ፤ ያነበብሁትንም ዛሬ ለእናንተ ማካፈል ግዴታዬ ሆኖ አገኘሁት።

በቻይና አገር በጓንግዡ ከተማ ሐኪሞች አንድ ፈተና አደረጉ። 12 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን መርጠው፥ በስድስቱ ያሉት የአንደኛ ክፍል ልጆች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ደጅ እንዲያሳልፉ አደረጉ፤ በቀሩት በስድስቱ ግን የቀድሞው ሥርዓት እንዳለ ቀጠለ። ሦስት ዓመት ከቆየ በኋላ፥ ደጅ ከወጡት ልጆች ከ100 ወደ 30፥ ካልወጡት ግን ከ100 ወደ 40 የሚሆኑት የሩቁን ማየት ተሳናቸው። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። እንግዲህ ከ100 ልጆች የ9ኙን ያህል ዓይን የጠበቀው መድኃኒት ሳይሆን የ40 ደቂቃ ደጅ ነው ማለት ነው።

ምክንያቱን ተመራማሪዎች በብርሃን መጠን ሲያስረዱ፥ ብርቱ ብርሃን የዓይን ኳስ ከመጠን በላይ እንዳይረዝም ይገታል ብለው ይገምታሉ። ብርሃን የሚለካው ሉክስ በሚባል መለኪያ ነው። መብራት በበራበት ክፍል ውስጥ ያለው ብርሃን ብዙውን ጊዜ 300 ወይም 500 ሉክስ ቢሆን ነው፤ ደጅ በጥላ ሥር እንኳ ብዙ ሺህ ሉክስ ይሆናል፥ በጠራራ ፀሐይም ወደ 100,000 ይደርሳል። ዓይናችን ሁሉንም ስለሚለምድ፥ በጨለማ ውስጥ እንደምንኖር አይታወቀንም። ይህ ጥበቃ ግን የሚገኘው በልጅነት ነው፤ አንድ ጊዜ የረዘመውን ዓይን ደጅ መዋል አይመልሰውም። ስለዚህ ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው ከእኛ መካከል ነገ መምህር፣ አባት ወይም እናት የሚሆኑትን ነው።

ለእኛ ለራሳችንስ? ኢትዮጵያን «የ13 ወር ፀሐይ» አገር ብለው ለዓለም ያስተዋወቁት የቱሪዝም ድርጅት መሥራች አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ነበሩ። ከሰውነታችን ቆዳ ላይ ፀሐይ ሲያርፍ የሚሠራና ለአጥንት ጥንካሬ የሚያስፈልግ ቫይታሚን ዲ የሚባል ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ገጠር የሚማሩ ልጆችን ደም መርምሮ፥ ከገጠሮቹ ከ100 ወደ 21፥ ከከተሞቹ ግን ከ100 ወደ 62 የሚሆኑት ይህ ቫይታሚን እንደሚያንሳቸው አገኘ። ፀሐይዋ አንዲት ናት፤ ሰማዩም አንድ ነው። ከልዩነቱ ምክንያቶች አንዱ ከጣራ በታች መዋልና አለመዋል ነው። በመስኮት አጠገብ ተቀምጦ ፀሐይ መሞቅም አያድንም፤ ቫይታሚኑን የሚሠራው ጨረር መስታወት አልፎ አይገባምና።

ደግሞም በእንግሊዝ አገር ወደ 20,000 ሰዎችን የጠየቀ፥ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፥ በሳምንት 120 ደቂቃ በዛፍና በመስክ መካከል የሚያሳልፉ ሰዎች በጤናቸውም በኑሯቸውም የተሻለ እንደሚሰማቸው ገለጸ። ጤነኛው ሰው ቀድሞውንም መውጣት ይቀናው እንደ ሆነ ጥናቱ ለይቶ ስለማይነግረን ከመጠን በላይ ልናምነው አይገባም። ነገር ግን አንድ ነገር ደስ አሰኘኝ፤ ይኸውም 120 ደቂቃው በአንድ ቀን ቢሆን ወይም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተቆረሰ ቢሆን ልዩነት አለመገኘቱ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ያገራችን ሰው ይህን ያለ ጥናት ያውቀዋል።

እነዚህን ነገሮች ካነበብሁ በኋላ የራሴን ቀን ለመቍጠር ወሰንሁ። አንድ ማክሰኞ ቀን ከነጋ እስከ መሸ ድረስ ከጣራ ውጭ የሆንሁባቸውን ደቂቃዎች በወረቀት ላይ ጻፍሁ። ከመኝታ ቤት ወደ ምግብ ቤት፥ ከምግብ ቤት ወደ ክፍል፥ ከክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት፥ ከቤተ መጻሕፍት ወደ መኝታ ቤት። ድምሩ 31 ደቂቃ ሆነ፤ ከነዚያም ውስጥ 12ቱን ስልኬን እያየሁ ነበር የሄድሁት። የማንጎ ልጅ የነበርሁ ሰው ሰማዩን ቀና ብዬ ያየሁት ዝናብ መጣ አልመጣ ብዬ ስሠጋ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ጓደኞቼ፤ «ጊዜ የለንም» እንላለን። እኔም እንደዚያ አምን ነበር። ነገር ግን ራሴን አጥብቄ ስጠይቀው መልሱ ሌላ ሆነ። አሁን አያቴን በኩራት እንዴት እንደ መለስሁላቸው ወዳልሁት ነገር ልመለስ። ደጅ የማልውለው ጊዜ ስላጣሁ ሳይሆን፥ ቤት ውስጥ መዋል የተማረ ሰው ምልክት ስለ መሰለኝ ነው። ደጅ የሚውለው ገበሬው ነው፤ ፀሐይ የሚመታው እረኛው ነው፤ በእግሩ የሚሄደው ለባጃጅ የሚከፍለው ያጣ ነው። የተማረው ግን ጣራ፣ ወንበርና ጠረጴዛ አለው። ይህን ማንም በአፉ አላስተማረኝም፤ ነገር ግን ተምሬዋለሁ፥ ለታናሽ ወንድሜም አስተምሬዋለሁ። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ የተነሣው ከዚህ አንድ ስሕተት ነው።

ደግሞ በሌላው በኩል እንዳልስት መጠንቀቅ ይገባኛል። በሆሞሻ ሰው ደጅ የሚውለው ለሽርሽር አይደለም። ማሽላው የሚታረመው ደጅ ነው፤ ባሚያው ተከትፎ የሚደርቀው ደጅ ነው፤ ቀርከሃው ተሰንጥቆ አጥር የሚሆነው ደጅ ነው። እናቶቻችንና እኅቶቻችን ውኃና እንጨት ተሸክመው የሚመላለሱበት ደጅ፥ ቢቻል አጥሮ ቢያዩት የሚወዱት ደጅ ነው። ስለዚህ የገጠር ሰው ደጅ ስለሚውል ምስጉን ነው ብዬ ድካሙን እንደ ጌጥ አላወራም። ነገር ግን ሥራው ካለቀም በኋላ ሰው ወደ ጎጆው አይሸሽም። ቡናው የሚጠጣው በማንጎው ሥር ነው፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የተጣላውን የሚያስታርቁት በዚያው ነው፤ እንግዳም ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀርብለት የጥላው ሥፍራ ነው። ጎጆው ለመኝታ፥ ለዝናብና ለምሥጢር ነው፤ የቀረው ኑሮ ሁሉ ደጅ ነው። ከዚህ ኑሮ ውስጥ ድካሙን ጥለን ጥላውን ብንወስድ ማን ይከለክለናል?

ትምህርትም ቢሆን ከጣራ ጋር አልተወለደም። በአካባቢያችን ልጆች ከእንጨት በተሠራ ሎህ ላይ እየጻፉ ቁርአን የሚቀሩት በዛፍ ጥላ ሥርም ነው። በጎጃምና በጎንደር የቅኔ ተማሪ የሚቆጥረውን ቅኔ ይዞ ወደ ጫካ ወይም ወደ ዛፍ ሥር ገለል ብሎ ይውላል፤ ማታ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል። እነዚያ ሁሉ ሊቃውንት ደጅ ስለ ዋሉ አእምሯቸው አልተበተነም። እንግዲህ «ደጅ ሆኖ ማጥናት አይቻልም» የሚለው አባባላችን የአባቶቻችንን ታሪክ ካለማወቅ የመጣ ነው ብል ድፍረት አይሁንብኝ።

አሁን ወደ ተግባሩ ልግባ። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ጊዜ ጨምሩ የሚል አይደለም፤ ቤት ውስጥ ከምትሠሩት ሥራ ጥቂቱን አንሥታችሁ ወደ ደጅ አውጡት የሚል ነው። ዓመት ሙሉ ሞክሬ የቀናኝን በአጭሩ ልዘርዝር።

አንደኛ፥ ንባብን ለሁለት መክፈል ነው። ሒሳብ ለመሥራት ጠረጴዛ ያስፈልጋል፤ በቃል ለመያዝና ለመከለስ ግን እግር ይበቃል። እኔ የምከልሰውን በአንዲት ወረቀት ላይ አሳጥሬ ጽፌ፥ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ በግቢው እየተመላለስሁ እከልሰዋለሁ። እንቅልፍ አይጥለኝም፤ ጎኔም አያመኝም።

ሁለተኛ፥ የስልክ ጥሪ ነው። ከቤተሰብ ጋር የምናወራው አልጋ ላይ ተጋድመን ነው። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ብንነሣና እየተራመድን ብናወራ፥ በሳምንት ውስጥ የሚጠራቀመው ደቂቃ ያስገርማችኋል።

ሦስተኛ፥ መንገድ ነው። ወደ ገበያ ስንወጣ ከባጃጁ ጥቂት ቀደም ብሎ መውረድ ወይም አንዱን ጉዞ በእግር ማድረግ ይቻላል። በአዲስ አበባ በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በተባለው ቀን ዋና ዋና ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው፥ ሕዝቡ በእግሩና በብስክሌቱ ወጥቶባቸው ነበር። ለእነርሱ መንገድ ተዘግቶ የሚገኘው ነገር ለእኛ በየቀኑ ክፍት ነው።

አራተኛ፥ ጨዋታና ውይይት ነው። የቡድን ሥራ ለመሥራት ባዶ ክፍል ፍለጋ ግማሽ ሰዓት የምናባክን ሰዎች፥ ምንጣፍ ይዘን ጥላ ሥር ብንቀመጥ ምን ይጐድልብናል? ቡናም ቢሆን ደጅ ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል።

አምስተኛ፥ አንዲት ዛፍ መያዝ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን። በክረምት የተከለ ብዙ ነው፤ በበጋ ውኃ የሚያጠጣ ግን ጥቂት ነው። በዚህ አገር ዝናቡ በጥቅምት ከተሰናበተ በኋላ እስከ ሚያዝያ ድረስ ችግኙ የሚጠብቀው ሰውን ነው። አንድ ተማሪ አንዲት ችግኝ ይዞ በየሁለት ቀኑ ቢያጠጣ፥ ዛፉም ይድናል፥ ተማሪውም ሳያስበው ደጅ ወጣ ማለት ነው።

ስድስተኛው ልመና ለክቡራን መምህራን ነው። ሰሌዳ የማያስፈልገውን አንድ ክፍለ ጊዜ፥ ለምሳሌ ውይይትን ወይም የቃል ፈተናን፥ በወር አንድ ቀን እንኳ ከዛፍ ሥር ብታደርጉልን እናመሰግናለን። ስለ ዕፀዋትና ስለ አፈር የሚያስተምሩት መምህራንማ ማስተማሪያቸው በራቸው ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

በዚህ ላይ ተፈጥሮ ያደላችልንን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ አራት ዲግሪ ያህል ርቃ ስላለች፥ ሰዓታችን አንድ ቢሆንም ፀሐይ በእኛ ዘንድ 17 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ትወጣለች፥ በዚያው ልክ ዘግይታ ትጠልቃለች። ስለዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከክፍል ስንወጣ፥ በዓመቱ ውስጥ ቀን በሚያጥርበት ወራት እንኳ ከአንድ ሰዓት የበለጠ ብርሃን ይቀረናል። ትኵሳቱም ያን ጊዜ በርዷል። ይህን ሰዓት ብዙዎቻችን ተጋድመን እናሳልፈዋለን።

ተቃውሞ እንደሚኖር ዐውቃለሁ። «ፀሐዩስ?» ትሉኛላችሁ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የእኩለ ቀኑ ፀሐይ ያማል፤ እውነት ነው። ያን ጊዜ ጥላ ይበቃል፤ ውኃም መያዝ ይገባል። «ዝናቡስ?» ካፊያ አይገድልም፤ ነጐድጓድ ሲሰማ ግን ለብቻው ከቆመ ረጅም ዛፍ ሥር መጠለል ስለሚያስቀሥፍ ቶሎ ወደ ቤት መግባት ነው። «ወባስ?» የወባ ትንኝ በይበልጥ የምትነክሰው ከመሸ በኋላ ስለ ሆነ፥ ሲጨላልም መግባትና ከአጎበር ውስጥ መተኛት ያስፈልጋል። እኔ ደጅ ዋሉ አልሁ እንጂ ደጅ እደሩ አላልሁም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የእኅቶቻችን ጥያቄ ነው። ይህን ንግግር ከማዘጋጀቴ በፊት ለአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ባነብላት፥ «ለአንተ ደጅ ጥላ ነው፤ ለእኔ ደጅ ለከፋ ነው። ለብቻዬ ስሄድ ስንት አፍ እንደሚከፈትብኝ ብታውቅ እንዲህ ቀላል ነው አትልም ነበር» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም ያለኝ መልስ ለእርሷ ሳይሆን ለእኛ ለወንዶቹ ነው፤ ይኸውም አፋችንን መዝጋት፥ የሚለክፈውንም ጓደኛችንን ሳንስቅ መገሠጽ ነው። ግማሹ ሰው በሥጋት የሚያልፍበት ግቢ ደጅ አለው አይባልም።

ሰላምም እንደዚሁ ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በክልላችን በመተከል ዞን በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ሕይወቱን አጥቷል፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ከቀየው ተፈናቅሏል። ያን ጊዜ ያየ ሰው፥ ልጅን ያለ ሥጋት ወደ ደጅ መስደድ ምን ያህል ትልቅ ሀብት እንደ ሆነ ያውቃል። ደጅ የጋራ ነው፤ የሚጠበቀውም በጋራ ነው። የበርታን ዙምባራ የሰማ ሰው፥ እያንዳንዱ ነፊ የሚያወጣው አንዲት ድምፅ ብቻ እንደ ሆነች ያስተውላል፤ ዜማው የሚሞላው ሁሉም በአንድ ላይ ቆመው በየተራቸው ሲነፉ ነው። አንድ ሰው ዙምባራውን ይዞ ክፍሉ ቢገባ ቢነፋም ዜማ አይሆንም። የእኛም ነገር እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። እያንዳንዳችን ለአንድ ሳምንት ብቻ፥ ደጅ ያሳለፍነውን ደቂቃ በወረቀት እንጻፍ። ማንም አያየውም፤ ለራሳችን ነው። ከዚያም በሳምንት አንድ ቀን፥ ሐሙስ በ11 ሰዓት፥ የተማሪዎች ማኅበር ውይይት ከአዳራሽ ወጥቶ ከማንጎው ሥር ይሁን። ወንበር የለም እንዳትሉኝ፤ ምንጣፍ አለ፤ ሣርም አለ።

በመጨረሻ፥ ስለ ታናሽ ወንድሜ ሳልነግራችሁ አልወርድም። ባለፈው ዕረፍት ወደ ሆሞሻ ሄጄ ጠራሁትና፥ ያን ጊዜ የነገርሁት ነገር ስሕተት እንደ ነበረ ነገርሁት። ታላቅ ወንድም ለታናሹ ተሳስቻለሁ ማለት እንዴት እንደሚከብድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና፥ «እንግዲያውስ መጽሐፌን ይዤ ልውጣ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ይዘህም ውጣ፥ ሳትይዝም ውጣ» አልሁት። ማታ አያቴ ከጥላው ሥር ተቀምጠው ሳሉ፥ እርሱ መነጽሩን አድርጎ ከልጆቹ ጋር ሲሯሯጥ ከሩቅ አዩትና፥ «ይኸኛው ዱባ ፀሐይ ሊያገኝ ነው» አሉ። ወደ እኔም ዞር ብለው፥ «አንተስ?» አሉኝ።

እኔም ይህንኑ ጥያቄ ለእናንተ ትቼ ልቀመጥ።